የአረጋውያን ፈቃድ ከፊርማ በኋላም ይጠየቅ

ይድረስ፦ በትምህርት ሚኒስቴር ለብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ፣ እንዲሁም በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ተቋሙ ለሚገኙ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች

ጉዳዩ፦ በትብብር ምርምር የሚሳተፉ አረጋውያንን ክብርና መብት ይመለከታል

በኢትዮጵያ የሚካሄዱ የማኅበራዊና የጤና ጥናቶች ለአረጋውያን ሲሰጡ የኖሩት ቦታ በአብዛኛው የመላሽነት ቦታ ነው፤ አረጋዊው መጠይቅ ይዞ ለመጣ ወጣት መልስ ይሰጣሉ፣ የደም ግፊታቸው ይለካል፣ የአካባቢውን ታሪክ የሚያውቁ ከሆነም ድምፃቸው ይቀዳል፣ ከዚያ በኋላ ግን ቃላቸው የት እንደ ደረሰ፣ ምን እንደ ተባለበትና ማን እንደ ተጠቀመበት የሚነግራቸው ሰው እምብዛም አያገኙም። የትብብር ምርምር የሚባለው አሠራር ይህን ልማድ ለመለወጥ የተነሣ ነው። በዚህ አሠራር ጥናቱ የሚመለከታቸው ሰዎች የምርምሩን ጥያቄ በመቅረጽ፣ መረጃ በመሰብሰብ፣ የተሰበሰበውን በመተንተንና ውጤቱን ለሕዝብ በማድረስ ከባለሙያው ጋር አብረው ይሠራሉ፤ ስለዚህም ተጠኚ መሆናቸው ቀርቶ አጋር ተመራማሪ ይባላሉ። ለውጡ መልካም ነው፤ የሥነ ምግባር ግምገማው ግን ከለውጡ እኩል አልተራመደም። ገምጋሚዎች አጥብቀው የሚጠይቁት በመጀመሪያው ቀን ፈቃድ መሰጠቱንና ቅጹ መፈረሙን ሲሆን፣ አረጋዊው ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በአጋርነት ሲሠሩ የሚገጥማቸው ጉዳይ፣ ማለትም የሚሰሙት ምስጢር፣ የሚያወጡት ጉልበት፣ የሚገባቸው ክፍያና የስማቸው ዕጣ፣ ለተመራማሪው ቅንነት ይተዋል። የዚህ ደብዳቤ አቤቱታ ግምገማው ትብብሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲከተል ነው።

ጥበቃ ማስፈለጉ አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ1963 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን በነበረውና ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ይታከሙበት በነበረው የአይሁድ ሆስፒታል፣ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉና በሕመም የደከሙ 22 ሕሙማን ሕይወት ያላቸው የካንሰር ሕዋሳት በመርፌ ተሰጧቸው። ዓላማው በሌላ በሽታ የተዳከመ ሰውነት ከውጭ የገቡ የካንሰር ሕዋሳትን ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያስወግድ ለማወቅ ነበር፤ ለሕሙማኑ ግን የሚወጉት ነገር የካንሰር ሕዋስ መሆኑ አልተነገራቸውም። በሆስፒታሉ የነበሩ ሦስት ወጣት ሐኪሞች መርፌውን አንሰጥም ብለው እምቢ አሉ፣ በኋላም ሥራቸውን ለቀቁ፤ ጥናቱን የመሩት ዶክተር ቼስተር ሳውዝሃምም በግዛቱ የሙያ ተቆጣጣሪዎች ፊት ቀርበው ጥፋተኛ ተባሉ። ከዚህና በተለይም በቱስኪጊ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ከዘለቀው የቂጥኝ ጥናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ሦስት መርሆዎችን አስቀመጠ፤ እነርሱም ሰውን እንደ ራሱ ወሳኝ አድርጎ ማክበር፣ ጥቅምን አብዝቶ ጉዳትን መቀነስ፣ የምርምር ሸክምና ፍሬ በፍትሕ እንዲከፋፈል ማድረግ ናቸው። በኢትዮጵያ ያሉ ኮሚቴዎችም የሚመሩት በእነዚህ መርሆዎች ነው።

ይሁን እንጂ ጥበቃው ራሱ በጊዜ ሂደት ሌላ በደል አመጣ። ብዙ ተመራማሪዎች የገምጋሚዎችን ጥያቄ ለመቀነስ ሲሉ በጥናታቸው ላይ የዕድሜ ጣሪያ ያደርጋሉ፤ በዚህም የተነሣ ከማንም በላይ መድኃኒት የሚወስዱት ሰዎች መድኃኒቱ ከተፈተነባቸው ሰዎች መካከል ሳይገኙ ይቀራሉ። መድኃኒት የሚፈቅዱ መንግሥታዊ አካላትን የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው መመሪያ አረጋውያን በመድኃኒት ሙከራ እንዲካተቱ አሳስቦ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመታት በኋላም ማሳሰቡ አልቀረም፣ ምክንያቱም የዓለም የሕክምና ማኅበር የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር መርሆዎችን የያዘውን የሄልሲንኪን መግለጫ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሲከልስ፣ ተጋላጭ የሚባሉ ሰዎችን ማካተት የሚያስከትለው ጉዳት እነርሱን ማግለል ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር መመዘን እንዳለበት በግልጽ አስፍሯል። ተጋላጭነት ሲባል አንድ ሰው ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ሊጎዳ ወይም ሊበደል የሚችልበት ሁኔታ ማለት ነው። ሁኔታ ነው እንጂ የዕድሜ ቁጥር አይደለም፤ በኢትዮጵያ የጡረታ መውጫ የሆነው 60 ዓመት አንድን መምህርት ከትናንት ወዲያ ብቁ፣ ዛሬ ደግሞ ሞግዚት የምትሻ አያደርጋትም። ስለዚህ አንድ ጥናት አረጋውያንን ሲያገል ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ መጠየቅ፣ ሲያካትት የሚጠየቀውን ያህል ተገቢ ነው።

የአረጋውያን ፈቃድ በኢትዮጵያ ምን እንደሚመስል በቅርበት መመልከት ያስፈልጋል፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነውና። ተመራማሪው ወደ አንድ ቤት ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፤ የቀበሌ ሰው ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይመራዋል። አረጋዊቷ በሴፍቲኔት የቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ወይም በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮ ሳይከፍሉ የሚታከሙ ከሆነ፣ ስማቸውን በዝርዝሩ ላይ የጻፈው ወይም ሊሰርዘው የሚችለው ሰው ከተመራማሪው ጎን ቆሞ ያዩታል። ተመራማሪው ጥናቱ ከእርዳታው ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ ቢያነብላቸው እንኳ፣ ዐይናቸው የሚያየው ሌላ ነው። በዚያ ላይ ደጅ የደረሰን እንግዳ መመለስ ነውር ስለሆነ፣ ሳይወዱ ግቡ ይላሉ፤ ሳይወዱም ይቀመጣሉ፣ ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ። ጧሪ ልጅ ካለም ልጁ ቀድሞ እሺ ብሎ ይጨርሰዋል፤ እናትም በሚጦራቸው ልጅ ፊት እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። በመጨረሻ በቅጹ ላይ የሚያርፈው የጣት አሻራ እነዚህን ሁሉ ግፊቶች ደብቆ በኮሚቴው መዝገብ ውስጥ ፈቃድ ተብሎ ይቀመጣል።

የወጣቱ ተመራማሪ አክብሮት ደግሞ በራሱ መሰናክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ማብራሪያውን ካነበበ በኋላ ተሳታፊው መረዳታቸውን ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ ይሁንና ትልቅ ሰውን መልሶ መጠየቅ እንደ ፈተና ስለሚቆጠር ያፍራል፣ ገብቶኛል የሚለውን መልስ ተቀብሎም ያልፋል። ጆሯቸውና ዐይናቸው የደከመ አረጋውያን ሳይሰሙ ራሳቸውን እንደሚነቀንቁ ለማንም የተሰወረ አይደለም። የተሻለው መንገድ የመፈተኑን ቦታ መገልበጥ ነው፦ አረጋዊው ስለ ጥናቱ የሰሙትን ለባለቤታቸው ወይም ለጎረቤታቸው እንዲያስረዱ መጠየቅ፣ ያልተገለጸውንም ተመራማሪው የራሱ አነጋገር ጉድለት አድርጎ ተቀብሎ ደግሞ ማስረዳት። ከዚህም ጋር ማብራሪያው በአንድ ቀን፣ ፈቃዱ በሌላ ቀን እንዲሆን፣ በሁለተኛውም ቀን የቀበሌ ሰው እንዳይገኝ፣ እምቢታም ፊት ለፊት መነገሩ ቀርቶ አረጋውያኑ በመረጡት ሰው፣ ለምሳሌ በእድር ዳኛ ወይም በጎረቤት፣ በኩል ሊላክ እንዲችል ቢደረግ፣ እሺ ያሉት ሰዎች ቁጥር ይቀንስ ይሆናል፤ የሚቀነሰው ግን መጀመሪያውኑ ያልነበረ ፈቃድ ነው።

ለዚህ አሠራር መነሻ የሚሆን ልምድ በአገር ውስጥ አለ። በወላይታ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለውን፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት ያጠኑ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች፣ የበሽታውን የዘር መሠረት ለመመርመር ከመጀመራቸው በፊት ፈቃድ በአካባቢው እንዴት እንደሚጠየቅና ሰዉ ምን እንደሚያሳስበው ለማወቅ ከነዋሪዎች ጋር አጭር ዳሰሳ አካሂደዋል። በሽታው በባዶ እግር ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈርን ለዓመታት በመርገጥ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ቢሆንም፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚታይ ሕሙማኑና ዘመዶቻቸው በጋብቻና በማኅበራዊ ኑሮ ይገለላሉ፤ ስለዘር የሚያወራ ጥናት መገለሉን ሊያባብሰው እንደሚችል የታወቀውም በዳሰሳው ነው። በዚህም መሠረት አቀራረቡ እንዲስተካከል ምክር ቀረበ። ይህ ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ የሚባለው ዘዴ በኋላ በሌሎች የኢትዮጵያ ጥናቶችም ላይ ውሏል። አረጋውያን በአጋርነት ለሚሳተፉበት ማንኛውም ጥናት ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይገባዋል፤ ወጪው ትንሽ፣ ጊዜውም አጭር ነው፣ የሚያድነው ቅሬታ ግን ብዙ ነው።

የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን በተመለከተ ሊባል የሚገባው አጭር ነው። የመወሰን አቅም፣ ማለትም የቀረበን ጉዳይ ተረድቶና አመዛዝኖ ምርጫን የመግለጽ ችሎታ፣ ሙሉ በሙሉ አለ ወይም ሙሉ በሙሉ የለም የሚባል አይደለም፤ ከጉዳይ ጉዳይ፣ ከጠዋትም እስከ ማታ ይለያያል። ገንዘባቸውን ማስተዳደር ያቃታቸው አባት እንግዳ አጠገባቸው እንዲቀመጥ መፈለግ አለመፈለጋቸውን ያውቃሉ። ስለዚህ ልጅ ወይም ሌላ ቤተሰብ በሕጋዊ መንገድ ቢፈርምም፣ አረጋዊው ፊታቸውን ካዞሩ፣ ከተቆጡ ወይም ተነሥተው ከሄዱ የዚያ ቀን ሥራ መቆም አለበት፤ ይህም በጥናቱ ሰነድ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።

አረጋውያን ራሳቸው መረጃ ሰብሳቢ ሲሆኑ የሚነሣው ጥያቄ ከሁሉም የከበደና እስካሁን ከሁሉም ያነሰ ትኩረት ያገኘ ነው። አንዲት አረጋዊት የሰፈራቸውን ሴቶች እንዲያነጋግሩ የሚመረጡት ሴቶቹ ስለሚያምኗቸው ነው፤ በዚያ እምነትም ለማያውቁት ባለሙያ የማይነገረው ይነገራቸዋል። አንዷ ልጇ እንደሚመታት፣ ሌላዋ ቤቷን በውክልና ሰበብ እንደ ተነጠቀች ትነግራቸዋለች። ባለሙያው መረጃውን ይዞ ወደ ከተማ ይመለሳል፤ እርሳቸው ግን ከዚያችው ሴት ጋር በአንድ እድር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ከመታው ልጅም ጋር በአንድ መንደር ይኖራሉ። ምስጢሩን ለማን ያካፍሉ? አደጋው የሚቀጥል ከሆነስ ለማን ያመልክቱ? ይህን የሚመልስ ሥርዓት ሳይዘረጋ አረጋውያንን ለቃለ መጠይቅ ማሰማራት በትብብር ስም ሸክምን ማስተላለፍ ነው። የ1966ቱን ወይም የ1977ቱን ረኀብ፣ የቀይ ሽብርን ዘመን ወይም በቅርብ ዓመታት የተካሄዱትን ጦርነቶች የሚመለከት ጥናት ሲሆን ደግሞ፣ ጠያቂዋ የሚሰሙት የራሳቸውን ሐዘን የሚቀሰቅስ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያ ተመራማሪዎች ከአማካሪዎቻቸው ጋር የሚወያዩበት ጊዜ እንዳላቸው ሁሉ፣ ለእርሳቸውም የሰሙትን የሚያራግፉበት ሰውና ሰዓት በበጀት መያዝ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። በኢትዮጵያ ሽማግሌ ይከበራል የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም ሁሉንም አረጋውያን እኩል አይሸፍንም። ተመራማሪዎች የአገር ሽማግሌ ብለው የሚጠሯቸው ሰዎች በአብዛኛው ወንዶች፣ መሬት ወይም ስም ያላቸውና በሸንጎ መናገር የለመዱ ናቸው፤ በእነርሱ ፊት ተቀጣሪ ሆና ያረጀች ሴት፣ ወይም በዕደ ጥበብ ሥራዋ ስትናቅ የኖረች ሸክላ ሠሪ አንደበቷ አይፈታም። የሁለት ሽማግሎችን ስምምነት የመንደሩ አረጋውያን ስምምነት አድርጎ የሚያቀርብ ጥናት የተናገሩትን እንጂ ዝም ያሉትን አላሳተፈም፤ ኮሚቴውም ይህን ለይቶ መጠየቅ ይጠበቅበታል።

የክፍያ ጉዳይ በግልጽ መነገር ያለበት ነው። ለመስክ ሥራ የወጣ የተቋም ባልደረባ ውሎ አበል ይከፈለዋል፤ በዚያው ቀን ከእርሱ ጋር ሲደክሙ የዋሉት አረጋዊ ሳሙናና ስኳር ተሰጥቷቸው ይሸኛሉ። ለጥያቄ መልስ ለሚሰጥ ተሳታፊ የትራንስፖርትና የባከነ ጊዜ ካሳ ይበቃ ይሆናል፤ የምርምሩን ሥራ ለሚሠራ አጋር ግን የሚገባው የሥራ ዋጋ ነው። እርግጥ ነው፣ ክፍያው በዝቶ ድህነት ያጎበጠውን ሰው ለማይፈልገው ነገር የሚያስገድድ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እንዲሁም የተከፈለው ገንዘብ አረጋውያኑን ከሚያገኙት ድጋፍ እንዳያስወጣቸው አስቀድሞ ከሚመለከተው ቢሮ ጋር መነጋገር ይገባል። ይህ ጥንቃቄ ግን በነፃ ለማሠራት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ከገንዘቡ ባልተናነሰ የሚያስፈልገው ሥራውን ለአረጋዊ ሰው ማመቸት ነው፤ ስብሰባው ደረጃ በሌለው ቤት፣ መጸዳጃ ቤት በቅርብ ባለበት፣ በዕረፍት ተከፋፍሎ፣ የጾምና የስግደት ሰዓት ተጠብቆ፣ ጽሑፉም በትልልቅ ፊደል ወይም በንባብ ሊቀርብ ይገባል።

የስም ነገርም እንዲሁ ነው። የምርምር ሥነ ምግባር የተሳታፊን ማንነት መሸሸግን እንደ መደበኛ ሕግ የያዘው ጉዳትን ለመከላከል ነው፤ ዕውቀታቸውን ለሰጡ አረጋውያን ግን ስማቸው መሰወሩ ዝርፊያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለ አንድ ገዳም ታሪክ፣ ስለ ዘር ዓይነቶች ወይም ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ከተናገሩት ሰው ቃል ተወስዶ የተጻፈ ጽሑፍ በባለዲግሪው ስም ብቻ ሲወጣ፣ ባለቤቱ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ተብለው ያልፋሉ። የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅንና ጥቅምን መጋራትን በሕግ ደንግጓል፤ መንፈሱ ለሌላውም ምርምር ይሠራል። ትክክለኛው አሠራር ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት አረጋውያኑ የሚመለከታቸውን ክፍል በሚሰሙት ቋንቋ ተነቦላቸው፣ ስማቸው ይውጣ ወይም ይቅር የሚለውን በዚያን ጊዜ እንዲወስኑ ማድረግ ነው፤ ምን እንደሚጻፍ ባልታወቀበት በመጀመሪያው ቀን የተሰጠ መልስ በቂ አይደለም።

ሞት ከዚህ ሥራ ተለይቶ አይታይም። ለዓመታት በሚዘልቅ ትብብር ውስጥ ከአጋሮቹ አንዳንዶቹ ማረፋቸው የሚጠበቅ ሲሆን፣ የተቀዳ ድምፃቸውና ምስላቸው ግን ይቀራል። ልጆቻቸው አጥፉልን ቢሉ ወይም በተቃራኒው ሟች ያልፈቀዱትን ካሴት ስጡን ብለው ቢመጡ የማን ቃል ይጸናል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ተቋማት የግል መረጃ አያያዛቸውን መፈተሽ ግዴታቸው ሆኗል፤ በዚህ አጋጣሚም እያንዳንዱ አረጋዊ አጋር በሕይወት ሳሉ ቅጂው ለማን እንደሚሰጥ፣ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚወገድ እንዲናገሩ ቢጠየቁ፣ ጥያቄው በጨዋነት እስከ ቀረበ ድረስ ኑዛዜ ማድረግን ለሚያውቅ ትውልድ የሚያስቀይም አይሆንም። በሕይወት ካሉትም ጋር ቢሆን የፕሮጀክቱ ማብቂያ ድንገተኛ መሆን የለበትም። ልጆቻቸው ርቀው ለሚኖሩባቸው ሰው በየሳምንቱ የሚመጣ ተመራማሪ ከተመራማሪነት አልፎ የቤት ሰው ይሆናል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ያለ ስንብት የሚቀር ከሆነ፣ ጉዳቱ በማንኛውም ቅጽ ላይ ባይመዘገብም ጉዳት ነው።

እንግዲህ ከተከበሩት ኮሚቴዎች የሚጠየቀው ከአቅማቸው በላይ አይደለም። ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ በሚከለስበት ጊዜ፣ አጋር ተመራማሪ የሆኑ አረጋውያንን የሚመለከት ክፍል ተጨምሮ ክፍያ፣ ስም፣ የምስጢር ሸክም፣ የመረጃ ባለቤትነትና ስንብት እንዲብራሩበት፤ ለማኅበረሰብ ተወካይ ከሚሰጠው የኮሚቴ መቀመጫም ቢያንስ አንዱ ለአረጋውያን፣ በተለይም ከባለሥልጣንነት ወይም ከፕሮፌሰርነት ጡረታ ላልወጡ ሰዎች፣ እንዲሰጥ። መመሪያ እስኪከለስ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ዛሬ በእጅ ያሉ የጥናት ማመልከቻዎች ሲጸድቁ፣ ፈቃዱ በሥራው አጋማሽ እንዴት ዳግም እንደሚጠየቅ የሚገልጽ አንድ ገጽ እንዲቀርብ ማዘዝ ይቻላል። ተመራማሪው በየዓመቱ ከሚያቀርበው የሥራ ሪፖርት ጋርም አረጋውያን አጋሮች ስለ ትብብሩ የሚሉት፣ ተመራማሪው በሌለበት በኮሚቴው ተወካይ በቃል ተጠይቆ፣ ለብቻው ተጽፎ ይያያዝ፤ የጥናቱ ፈቃድ ሲታደስም ውሳኔው ሁለቱንም ካነበቡ በኋላ የሚሰጥ ይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ አረጋውያንና ጡረተኞች ብሔራዊ ማኅበር